በፔርሙዝ የመጡ ዓሶች

የመጀመሪያዎቹ ዓሶቻችን ከኮምቦልቻ ደሴ የመጡት በፔርሙዝ ነው። አባቴ ፔርሙዙን በጋቢው ጠቅልሎ፣ እንደ ጨቅላ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት በአውቶቡስ ወጣ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ብርዱ ሲጠናበት «ወንድሜ፣ ከሻይዋ ቅመስ አትለኝም?» አለው። አባቴ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነበርና «ሻይ አይደለም፣ ዓሳ ነው» ብሎ መለሰለት። ሰውየው ሳቀ፤ ደሴ እስኪገቡም አላመነውም።

1979 ዓ.ም. ነበር። እኔ ሦስተኛ ክፍል ነኝ። አባቴ ከፍያለው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ስለነበር ሳምንቱን እዚያው እየሰነበተ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እኛ ይመጣል። አንድ ቀን ፋብሪካው ያስመጣው ጀርመናዊ ባለሙያ ቤት መብራት ሊሠራ ገብቶ፣ ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ገንዳ የሚዋኙ የጣት ጥፍር የሚያካክሉ ዓሶች አየ። ጭራቸው እንደ ነጠላ ጥለት ነው፣ ሰማያዊም ብርቱካንም አለበት ብሎ ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። ጀርመኑም ገንዳ ካበጃችሁ ከእነዚህ እሰጣችኋለሁ ብሎት ነበር።

ገንዳውን ያበጀልኝ አጎቴ ማረው ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ማትሪክ ስላልመጣለት እኛ ቤት ተቀምጧል። በዚያን ጊዜ ወጣት ሆኖ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ሁልጊዜ ቤት እንደሚገኝና ሁልጊዜ ለእኔ ጊዜ እንዳለው ነው።

መስታወቱን የቆረጠልን ጀላል ነው። ጀላል የጎረቤታችን የእትዬ ሸሪፋ ልጅ ነው፤ አንድ ለእናቱ። ፒያሳ መስታወት ቤት ይሠራል። ከሥራ ሲወጣ በአጥሩ ሽንቁር ሾልኮ ይመጣና ከጋሼ ጋር ተንበርክከው አባቴ በበየደው የብረት ማዕዘን ላይ መስታወቱን በስቱኮ ያያይዛሉ። መጀመሪያ ውሃ ስንሞላው በአንዱ ጥግ ጎርፎ የሳሎኑን ወለል አጥለቀለቀው። እናቴ ፀሐይነሽ መጥረጊያ ይዛ ስትቆጣ፣ እትዬ ሸሪፋ ከአጥሩ ማዶ የልብስ ስፌት መኪናዋን አቁማ «ለመሆኑ ለእነዚህ የቆላ ዓሶች ደሴ ላይ ሹራብ አልሰፋላቸውም?» አለች። ቤታችን ያን ቀን የሳቀውን ያህል የሳቀበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

እትዬ ሸሪፋ የቀለደችበት ነገር ግን እውነት ነበር። ጀርመኑ ውሃው ለብ ማለት አለበት ብሏል፤ ደሴ ደግሞ ደሴ ናት። ጋሼ ከእንጨት ክዳን ሠርቶ በውስጡ ሁለት አምፖል ገጠመ፤ ሲበሩ ውሃውን ከላይ ያሞቁታል። ለአየር ደግሞ የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ አመጣ። በብስክሌት መንፊያ ይነፋና፣ ከክሊኒክ በተገኘች የግሉኮስ ቱቦ በኩል አየሩ ቀስ እያለ ውሃው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ከቦርከና ወንዝ አሸዋ አምጥተን ጭቃው እስኪለቅ አጠብነው። የቧንቧ ውሃ መድኃኒት ስላለበት አርፎ ይሰንብት ተባለ። ባዶውን ገንዳ፣ ባዶውን ውሃ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን እንኳ ሳላስቀምጥ ፊቱ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

በመጨረሻ አባቴ ዓሶቹን በፔርሙዙ ይዞ መጣ። ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ወዲያው አልለቀቃቸውም። የገንዳውን ውሃ በስኒ እየቀዳ ወደ ፔርሙዙ ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ እንዳይደነግጡ ነው አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዘነበለው። ጀላል «ሱብሐናላህ» አለ። ጋሼ ትከሻዬን ጨበጠኝ።

ብዙም አልቆዩም። አንድ ምሽት መብራት ጠፋ፤ ሌሊቱን ሙሉ አልመጣም። ጋሼ ውሃ አፍልቶ በጠርሙስ እየሞላ ገንዳው ውስጥ ሲያንሳፍፍ፣ ገንዳውን በብርድ ልብስ ሲጠቀልል አደረ። ጠዋት ስነሣ ሦስቱ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። አንዷ ሴት ብቻ፣ ያቺ ጭራዋ የማያምረው፣ ከታች አሸዋው ላይ ተጠግታ ትተነፍሳለች።

እንዴት እንዳለቀስኩ ዛሬም ያሳፍረኛል። እህል አልበላም አልኩ። ጋሼን በሄደበት እየተከተልኩ «ሌላ አምጣልኝ፣ ኮምቦልቻ ሂድና አምጣልኝ» አልኩት። እናቴ «አርፈሽ አትቀመጪም?» ብላ ቆጣ አለችብኝ። እሱ ግን «እሺ ሙሉዬ፣ አንድ ቀን» ይለኛል።

በዚያው ሰሞን ወንድም በላቸው ቤታችን መጣ። የቀበሌያችን ጸሐፊ ነው፤ ነገር ግን ማታ ማታ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን በምንዘምርበት የቤት ጸሎት አብሮን የሚቀመጥ ወንድም ነበር። ቤተ ክርስቲያናችንን መንግሥት ከዘጋው ቆይቷል። ያን ቀን ግን ለጸሎት አልነበረም። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ገንዳውን እያየ፣ ለእናቴ «ስሙ ወጥቷል። ከሰኞ በፊት ነው ማውጣት የሚሻለው» አላት።

«ወዴት?» አለች እናቴ።

«ወደ ሞቃቱ። ወደ ታች። ሙሄዲን ይቀበለዋል።»

እኔ ስለ ዓሳዋ የሚያወሩ መሰለኝ። ያቺ የቀረችው ዓሳ ወደ ሞቃቱ አገር ልትወሰድብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ሙሄዲን የሚባለውንም የዓሳ ነጋዴ አደረግኩት። ሙሄዲን ከኮምቦልቻ አሰብ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር፣ የአባቴም ወዳጅ መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። የወጣው ስምም የማረው ስም ነበር፤ ለብሔራዊ ውትድርና።

በማግሥቱ እናቴ ፀጉሬን እየሠራች «ማረው ሐሙስ ወርዶ ዓሳ ያምጣልሽ» አለችኝ። እስከ ትናንት ስትቆጣኝ የነበረችው ሴት እንዴት እንደተለወጠች አልጠየቅኩም። ልጅ የለመነውን ሲያገኝ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሮጬ ወጥቼ ለጀላልም፣ ለእትዬ ሸሪፋም፣ ቧንቧ ላይ ለተሰለፉት ሴቶችም ሁሉ «ጋሼ ሐሙስ ዓሳ ሊያመጣልኝ ነው» እያልኩ አወራሁ። እናቴ አልከለከለችኝም። አሁን ሳስበው፣ እንዳወራ ነበር የተነገረኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ሁለት ሱሪ ደርቦ ለበሰ። ሸሚዝም ሁለት። «ኮምቦልቻ ሙቀት አይደል እንዴ?» አልኩት።

«መንገዱ ይበርዳል» አለኝ።

እናቴ አንድ ከረጢት ሙሉ ዳቦ ቆሎ አስያዘችው። ዘመድ ቤት ይሰንብት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሁለቱም ሳሎኑ መሀል ተንበረከኩ፤ እናቴ እጇን ራሱ ላይ ጭና በሹክሹክታ ጸለየች፤ ረጅም ጸሎት ነበር። እኔም አጠገባቸው ተንበርክኬ ዓይኔን ጨፍኜ «ጌታ ሆይ፣ ሰማያዊ ጭራ ያለውን ስጠኝ» አልኩ።

በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። «ካላማዳሪያውን ጠዋት ጠዋት ንፊ። ሲከብድሽ ጀላልን ጥሪው» አለ። ባዶውን ፔርሙዝ በብብቱ ይዞ ሄደ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ እኔ ግን ገንዳውን ላጸዳ ሮጥኩ።

አባቴ እንደ ልማዱ ቅዳሜን አልጠበቀም። በማግሥቱ ዓርብ መጣ። ፔርሙዙ በእጁ ነው፤ ነቀነቅኩት፣ ባዶ ነው። አባቴ ግቢው መሀል ቆሞ፣ እንዲያ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «ማረውን አፈሱት። መናኸሪያ ላይ አፈሱት» አለ። እናቴ ራሷን ይዛ ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ። እትዬ ሸሪፋ ጫማዋን ሳታደርግ ሮጣ መጥታ እናቴን አቀፈቻት። እኔ ገንዳው ሥር ተደብቄ ፔርሙዙን አቅፌ ተቀመጥኩ። የላክሁት እኔ ነኝ። ዓሳ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ የቀበሌው ሊቀመንበር ጠመንጃ ከያዙ ሁለት ሰዎች ጋር ቤታችን ገባ።

«ወንድምሽ የታለ?»

«ታፍሷል፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች እናቴ። «ኮምቦልቻ ላይ።»

«ስሙ በወጣበት ሳምንት? ምን ሊሠራ ወረደ?»

«ዓሳ ሊያመጣ።»

ከኋላው የቆሙት ሁለቱ ተያዩ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «ዓሳ» አለ። ወደ ገንዳው ሄዶ ብቻዋን የምትዋኘውን ዓሳ ቆሞ አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ ዓሳ አምጣ ያልሽው?»

ያን ጊዜ ውስጤ የታመቀው ሁሉ ገነፈለ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱ አልሄድም ብሎ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስቸገርኩት። ጋሼን መልሱልኝ። ዓሳ አልፈልግም፣ እሷንም ውሰዷት፣ ጋሼን መልሱልኝ።» እግሩ ላይ ወደቅኩ። አልሄድም ብሎ ነበር ያልኩት እንኳ እውነት አልነበረም፤ ጥፋቴ እንዲከብድ ራሴ የጨመርኩት ነው።

እናቴን ቀና ብዬ ሳያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። የተቆጣችብኝ መሰለኝ።

ሊቀመንበሩ አነሣኝ። እጁ ሻካራ ነበር፤ ድምፁ ግን ለስልሶ ነበር። «በይ አታልቅሺ። አጎትሽ አገሩን ሊጠብቅ ነው የሄደው» አለኝ። ሲወጣ ለጓደኞቹ «ኮምቦልቻ ከታፈሰ ለኮምቦልቻ ነው የሚቆጠረው። የእኛ በአንድ ጎድሏል» አለ። ያቺን አነጋገር በደንብ ሰምቻታለሁ። ከትምህርት ቤት የመቀነስ ሒሳብ ለይቼ አላየኋትም።

በዚያች ሰዓት ማረው ከባቲ ወዲያ፣ አፋር በረሃ ውስጥ፣ በሙሄዲን መኪና የጤፍ ጆንያ መሀል ተኝቶ ነበር። ከዚያ በእግሩ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ። ማንም አላፈሰውም። ፔርሙዙን አባቴ ኮምቦልቻ ላይ ተቀብሎት ነው የተመለሰው። ሁሉም አስቀድሞ የታሰበበት ነበር፤ ዓሳው ምክንያት፣ የእኔ ወሬ ማስረጃ። ለቅሶዬን ግን ማንም አስቀድሞ አላሰበውም። እሱ ከሁሉም በላይ ረዳቸው።

ከሳምንት በኋላ ጀላልን ከመስታወት ቤቱ ወሰዱት። አንድ ለእናቱ ስለሆነ ቀበሌው እስከዚያ ድረስ ትቶት ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወጣት በጫነ መኪና ላይ ቆሞ ፒያሳን ሲያልፍ አየሁት። እሱም አየኝ። እጁን አውጥቶ «ሙሉ፣ ለዓሳዋ መንፋት እንዳትረሺ» ብሎ ጮኸ። የሚስቅ መሰለኝ። ጋሼ ወዳለበት በመሄዱ ቀናሁበት።

ቤት ገብቼ ስናገር እናቴ እጇ ላይ የነበረው ሰሐን ወድቆ ተሰበረ። ያን ማታ ለጸሎት ስንቀመጥ አባቴ አልጸለየም። ራት አልበላም። ስለ ጎረቤታችን ልጅ ማዘኑ ነው ብዬ ተረዳሁት። ስለዚያ ነበር፤ ግን እኔ እንደተረዳሁት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ እናቴን ብዙ ጊዜ ልነግራት ሞከርኩ። «እማዬ፣ ጋሼ የተወሰደው በእኔ ነው አይደል?» እላታለሁ። አፏ ይከፈታል፤ የሆነ ነገር ሊወጣ ይደርሳል፤ ከዚያ «ሂጂ እስቲ እንጨት አምጪልኝ» ትለኛለች። ዝምታዋን አዎ ማለቷ ነው ብዬ ወሰድኩት። አንድ ጊዜ ከመኝታ ቤት አባቴ «ልጅ ናት፣ ታወራለች። የሙሄዲን ነፍስ አለ፣ የበላቸው ነፍስ አለ» ሲላት ሰምቻለሁ። ስለየትኛዋ ልጅ እንደሚያወሩ አላወቅሁም።

ያጽናናችኝ እትዬ ሸሪፋ ናት። አንድ ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ሽንቁር ሾልኬ ገባሁ። በስፌት መኪናዋ የትራስ ልብስ ትሰፋለች። እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ «እትዬ ሸሪፋ፣ ጋሼን ያስወሰድኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

የመኪናውን ጎማ በእጇ ያዘችው። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ማንም።»

«አንቺ የለመንሽው ዓሳ ነው። ልጅ ዓሳ ቢለምን ምን አለበት? ወላሂ ቅንጣት ጥፋት የለብሽም።» እንባዬን በምትሰፋው ጨርቅ ጫፍ ጠረገችልኝ። «ይልቅ ማረውና ጀላል እዚያ ተገናኝተው ይሆናል። አንዱ ላንዱ ያካፍላል፣ አንዱ አንዱን ይጠብቃል። እኔ ይኸን እያልኩ ነው የምተኛው። አንቺም እንዲህ እያልሽ ተኚ።»

እኔም እንደዚያ እያልኩ እተኛ ጀመር።

ያቺ የቀረችው ዓሳ ወንዶቹ ሳይሞቱ አርግዛ ኖሮ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወለደች። ገንዳው ዓይንና ጭራ ብቻ የሆኑ፣ ከቅንድብ ፀጉር የማይረዝሙ ጫጩቶች ሞላበት። ለወትሮው ቤቱን በጩኸት አናጋው ነበር። ያን ቀን ግን ጨነቀኝ። ጋሼ ሄዶ በእሱ ፋንታ የተሰጡኝ መሰለኝ። ካላማዳሪያውን መንፋት ተውኩ። አባቴ የሞቱትን ዓሶች ከነውሃቸው በባልዲ ቀድቶ ጓሮ ደፋቸው፤ እናቴም ገንዳውን የሽንኩርት ማስቀመጫ አደረገችው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በመጣው መስከረም ማረው መጣ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አንድ ወፈር ያለ፣ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ሰው ሁለት ሻንጣ ይዞ የግቢውን በር ከፍቶ ገባና «ሙሉዬ» አለኝ። እናቴ እልል አላለችም። ደረቱ ላይ ወድቃ ቀረች። እኔ እግሩ ላይ ተደፋሁ። «ጋሼ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ስለ ምኑ?» አለ።

«ዓሳ ብዬ ስላስፈስኩህ።»

ግራ ተጋብቶ ወደ እናቴ ዞረ። «እቴ፣ እስካሁን አልነገርሻትም?»

እናቴ ልትመልስ ስትል እትዬ ሸሪፋ ገባች። አርጅታለች፤ ሽንቁሩን ትታ በዋናው በር ዞራ ነው የመጣችው። «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያለች ማረውን ግንባሩን፣ ትከሻውን፣ እጁን አገላብጣ ሳመችው። ከዚያ እጁን ሳትለቅ በሩን አየች፤ ተከትሎት የሚገባ ሰው ያለ ይመስል።

«ጀላልስ?» አለችው። «የት ላይ ተለያያችሁ?»

ማረው ስለ ጀላል የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ፈገግ እንዳለ «ጀላል ምን ሆነ?» አላት።

ያን ጊዜ እናቴ ነገረቻት። ቆማ፣ ሳታለቅስ፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት፤ የወንድም በላቸውን መምጣት፣ የሙሄዲንን መኪና፣ አልታፈሰም ብላ፣ ዓሳው ማሳበቢያ ነበር ብላ፣ «የእኛ በአንድ ጎድሏል» የተባለውንም ጭምር። «በወንድሜ ፋንታ ነው ልጅሽን የወሰዱት። ይኸን የማውቀው ዛሬ አይደለም፣ ያኔ ነው» አለች።

እትዬ ሸሪፋ የማረውን እጅ ለቀቀችው። ስትናገር ያየችው እኔን ነበር። «ይቺ ልጅ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም» አለች እናቴ። «ዛሬ መስማቷ ነው።»

«እኔ ዘንድ መጥታ ጥፋቱ የእኔ ነው እያለች ስታለቅስ ነው የኖረችው። አንቺ እያወቅሽ?»

እናቴ እትዬ ሸሪፋ እግር ሥር ልትወድቅ ስትል፣ እትዬ ሸሪፋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«የእኔን ተዪው» አለቻት። «የእኔ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። መጀመሪያ ይቺን ይቅርታ ጠይቂ።»

እናቴ ዞራ በጉልበቷ ወደ እኔ መጣች። እጄን ይዛ የምትለውን አልሰማሁትም። ምክንያቱም በዚያች ደቂቃ የተሰማኝ ንዴት አልነበረም፣ ሐዘንም አልነበረም። አምስት ዓመት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሣልኝና ደስ አለኝ። ጥፋቱ የእኔ አልነበረም። ሳልፈልግ ፈገግ አልኩ።

እትዬ ሸሪፋ አየችኝ። ሻሿን አስተካክላ ወደ ግቢው በር ሄደች። የበሩ መቀርቀሪያ ጠንካራ ነበር፤ ወደ ላይ እያነሡ ነው የሚስቡት። አላወቀችበትም። ትጎትታለች፣ ትተዋለች፣ እንደገና ትጎትታለች። እናቴ እግሬ ሥር ናት፤ ማረው ከቆመበት አልተነቃነቀም። ለበሩ የምቀርበው እኔ ነበርኩ።

ራሷ ከፍታ ወጣች።